የወረደ ትከሻ ስንፍና አይደለም

ዛሬ የምጽፍላችሁ አንገታችን ውስጥ ስላለ አንድ ቀጭን ነርቭ ነው። ስሙን አብዛኞቻችን ሰምተነው አናውቅም። ሥራውን ግን በየቀኑ እንጠቀምበታለን፦ መጋረጃ ስንሰቅል፣ ከላይኛው መደርደሪያ ሳህን ስናወርድ፣ ጣራ ላይ ልብስ ስናሰጣ፣ የማዳምን ልጅ ታቅፈን ደረጃ ስንወጣ። ሐኪሞች «አክሰሰሪ ነርቭ» ወይም «11ኛው የጭንቅላት ነርቭ» ይሉታል።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልናገር። ሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች ትከሻችን ሲወርድና እጃችን አልነሣ ሲል «ሰነፈች»፣ «አስመሰለች» ከመባላችን በፊት አንገታችን መታየት አለበት። እኛም በበኩላችን ማንም ሰው አንገታችን ላይ ስለት ከማሳረፉ በፊት ጥያቄ የመጠየቅ ልማድ ሊኖረን ይገባል። ሁለቱም የተያያዙ ናቸው፣ ለምን እንደሆነ አስረዳለሁ።

እኔ ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት ወሎ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበርኩ። ዛሬ እንደ እናንተው የቤት ሠራተኛ ነኝ፣ አል ዐዚዚያ። ሰፈሩን የማታውቁት ካላችሁ ከኾበር በስተደቡብ፣ ወደ ባሕሬን የሚወስደው የንጉሥ ፋህድ ድልድይ በሚነሣበት በኩል ያለ ነው። ቪላው ሰፊ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መጋረጃው ረጅም ነው። እዚህ አካባቢ ትከሻ ብዙ ሥራ አለበት።

ነርቩ የት ነው? ምን ይሠራል?

እኛ አገር ከቆዳ በታች ያለውን ነገር ሁሉ «ሥር» ወይም «ጅማት» እንለዋለን። «ጅማቴ ዞረ» ብለን ወጌሻ ጋ እንሄዳለን። ግን የተለያዩ ናቸው። ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያስር ገመድ ነው። የደም ሥር ደም ይወስዳል፣ ይመልሳል። ነርቭ ደግሞ እንደ መብራት ሽቦ ነው፣ ትእዛዝ ያደርሳል። አምፖሉ ደህና ሆኖ ሽቦው ቢቆረጥ ቤቱ ይጨልማል አይደል? ጡንቻም እንደዚያው ነው። ጡንቻው ጤነኛ ሆኖ ነርቩ ከተቆረጠ አይታዘዝም፣ ቀስ እያለም ይሟሽሻል።

ከጭንቅላት የሚወጡ የነርቭ ጥንዶች 12 ናቸው። አንዱ ለማየት፣ አንዱ ለማሽተት፣ ሌላው ለፊት እንቅስቃሴ እያለ ይቀጥላል። 11ኛው ለየት ያለ መንገድ አለው። ሥሮቹ የሚነሡት አንገት ውስጥ ካለው ከሕብለ ሰረሰር የላይኛው ክፍል ነው። ከዚያ ወደ ላይ ወጥቶ ራስ ቅል ውስጥ ይገባል፣ እንደገና ከ9ኛውና ከ10ኛው ነርቭ ጋር በአንድ ቀዳዳ አልፎ ወደ አንገት ይወርዳል። ስሙን የሰጠው እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1664 ባሳተመው የአንጎል መጽሐፍ። «አክሰሰሪ» ማለት ተጨማሪ፣ ተደራቢ እንደማለት ነው። ስሙ ትርፍ ነገር ያስመስለዋል፣ ያለ እሱ ግን ትከሻ አይሠራም።

የሚያዛቸው ጡንቻዎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያውን አሁኑኑ ልታገኙት ትችላላችሁ። መስታወት ፊት ቁሙና ፊታችሁን ወደ ግራ አዙሩ። በቀኝ በኩል ከጆሮ ጀርባ ተነሥቶ እስከ ደረት አጥንት የሚወርድ ገመድ መሳይ ጡንቻ ይወጣል። የቀኙ ፊትን ወደ ግራ፣ የግራው ወደ ቀኝ ያዞራል።

ሁለተኛው «ትራፔዚየስ» ይባላል። ሰፊ ነው፣ ከማጅራት ተነሥቶ ትከሻን ይዞ እስከ ጀርባ መሀል ይወርዳል። «ደከመኝ» ስንል እጃችን ሄዶ የሚያሸው እሱን ነው። ትከሻን ወደ ላይ የሚያነሣው እሱ ነው። ከጀርባ ያለውን ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ይዞ የሚያዞረው እሱ ስለሆነ እጅ በጎን በኩል ከትከሻ በላይ እንዲወጣ ያደርጋል። እስክስታ የምትመታ ልጅ ትከሻዋን ሽቅብ ስትሰብቅ እዩ፤ ያንን ትእዛዝ የሚያደርሰው ይኸው ነርቭ ነው። ጎጃሜውም ጎንደሬውም ወሎዬውም በእሱ ነው የሚጨፍረው።

አሁን ዋናው ነገር። በሁለቱ ጡንቻዎች መካከል፣ በአንገት ጎን ላይ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ቦታ አለ። ነርቩ ከመጀመሪያው ጡንቻ ወደ ሁለተኛው ሲሻገር በዚህ ቦታ ያልፋል። እዚያ ላይ የሚሸፍነው አጥንትም ወፍራም ጡንቻም የለም፣ ከቆዳው ብዙም አይርቅም። አጠገቡ ደግሞ ንፍፊት የምንላቸው ዕጢዎች ተደርድረዋል። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ጉርብትና ነው።

ንፍፊቱና ስለቱ

ይህ ነርቭ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው አንገት ላይ በሚሠራ ኦፕራሲዮን ነው። ትልቅ ኦፕራሲዮን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከአንገት ጎን አንዲት ትንሽ ዕጢ ለምርመራ ማውጣት፣ ባዮፕሲ የሚሉት፣ በዓለም ዙሪያ በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ዋነኛ ምክንያት ተብሎ የሚጠቀስ ነው። በማደንዘዣ ተሠርቶ በዚያው ቀን ወደ ቤት የሚኬድበት፣ በሁለት ሦስት ስፌት የሚያልቅ ነገር ነው። ቀላል ስለሚመስል ነው አደጋው።

ይህ እኛን ኢትዮጵያውያንን በተለይ ለምን ይመለከታል? ምክንያቱም የአንገት ንፍፊት እኛ ዘንድ ብዙ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ጫና ከፍተኛ ነው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ቲቢ ደግሞ ሳንባን ብቻ አይዝም። ከሳንባ ውጭ ከሚታየው ቲቢ አገራችን ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የዕጢ ቲቢ ነው፣ ብዙውን ጊዜም የሚወጣው አንገት ላይ ነው። ጤና ጣቢያ ስሠራ ሻሻቸውን ወደ አንገታቸው ጎትተው እብጠታቸውን የሚሸፍኑ ልጃገረዶች ብዙ አይቻለሁ። ከአገር ስንወጣ የሚነሣን ራጅ ሳንባን ነው የሚያሳየው፣ አንገት ውስጥ ተኝቶ ያለውን ዕጢ አያሳይም። ስለዚህ አንዲት ልጅ «ጤነኛ» ተብላ መጥታ ከዓመት በኋላ አንገቷ ላይ እብጠት ሊወጣባት ይችላል።

ንፍፊት ሁሉ ቲቢ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ጥርስ ሲታመም፣ ጆሮ ሲመግል፣ ራስ ቅል ላይ ቁስል ሲኖር ንፍፊት ያብጣል፣ ሕመሙ ሲድን ይጠፋል። ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ እያደገ ከሄደ፣ ሌሊት የሚያልብሽ ከሆነ፣ ክብደት ከቀነስሽ ግን መታየት አለበት። አንዳንዴ ካንሰርም ሊሆን ስለሚችል «ይተወኛል» ብሎ መቀመጥ አይገባም።

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤን በጥንቃቄ እንድትይዙልኝ የምፈልገው። «አንገታችሁን አታስነኩ» እያልኩ አይደለም። ምርመራ አስፈላጊ ነው፣ ቲቢ ከተገኘም መድኃኒት አለው። የዕጢ ቲቢ ብዙውን ጊዜ በስድስት ወር ሕክምና ይድናል፣ ሳንባ ካልያዘ ደግሞ ወደ ሰው አይተላለፍም። እኔ የምለው በቀላሉ የሚጀመርበት መንገድ አለ ነው። በቀጭን መርፌ ከዕጢው ትንሽ ናሙና መውሰድ ይቻላል። ናሙናው በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መሣሪያም ይመረመራል። አገራችን ውስጥ ብዙ ቦታ የሚሠራበት ነው፣ መቁረጥ የለውም። መርፌው መልስ ካልሰጠ ያኔ ዕጢውን ማውጣት ግድ ይሆናል። ያኔም ቢሆን ነርቩ የት እንዳለ ጠንቅቆ የሚያውቅ ቀዳጅ ሐኪም ይሥራው።

ሌላም አለ። ንፍፊት ላይ ምላጭ ማሳረፍ፣ መብጣት፣ በእሳት መተኮስ፣ እዚህም «ሒጃማ» ብለው አንገት ጎን ላይ መሰንጠቅ፣ ይህን እባካችሁ ተዉት። ነርቩ ከቆዳ ሥር ነው ብያችኋለሁ። አልፎ አልፎ ደግሞ አንገት ላይ የደረሰ ከባድ ምት፣ ማነቅ ወይም ትከሻን ቁልቁል የሚጎትት ከባድ ሸክም ይህንኑ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል።

ጉዳቱ ስንፍና የሚመስለው ለምንድን ነው?

አንዲት የደሴ ልጅ አውቃለሁ። ስሟን አልጠራም፣ ክሊኒኩንም አልጠራም። ከአንገቷ ጎን ዕጢ አወጡላት። ቁስሉ በሳምንት ዳነ፣ ስፌቱ ተፈታ። በሁለተኛው ሳምንት መጋረጃ ስትሰቅል ቀኝ እጇ ከትከሻዋ በላይ አልወጣ አለ። ማዳም «አርፈሽ ስትመጪ ሰነፍሽ» አለቻት። መክተቡ ጋ ስትደውል «ኦፕራሲዮኑ አንገትሽ ላይ ነው፣ እጅሽ ምን አገናኘው?» አሏት። ቁስሉን ያየላት ሰው አንገቷን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዞረ፣ ጣቶቿን ጨብጪ አላት፣ በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አድርጎ «ይሰማሻል?» አላት። ሁሉም ደህና ነው። «ምንም የለብሽም» ተባለች።

አያችሁ፣ የዚህ ጉዳት ክፋቱ ይሄ ነው። ነርቩ አንገት ጎን ላይ ሲቆረጥ አንገት የሚያዞረውን ጡንቻ አስቀድሞ አልፎታል። ስለዚህ አንገት እንደ ድሮው ይዞራል። እጅ ይጨብጣል፣ ክርን ይታጠፋል፣ ምክንያቱም እነሱ ሌላ ነርቭ አላቸው። ነርቩ ዋና ሥራው ማንቀሳቀስ ስለሆነ ትከሻና እጅ አይደነዝዝም። የሚያመውም ሕመም እንደ ሸክም የሚጎትት፣ ቀኑን ሙሉ የሚቆይ ድካም መሳይ ነው። በውጭ ሲታይ ጤነኛ ሴት «ደክሞኛል፣ መሥራት አልቻልኩም» እያለች ነው። ሰው ምን ይላል? «አስመሰለች»።

እኛም ለራሳችን እንደዚያው እንላለን። «ብርድ መታኝ፣ የሙከየፉ ንፋስ ነው» ብለን ቅባት ተቀብተን እንተኛለን። ቅባት የተቆረጠ ነርቭ አይቀጥልም። ወጌሻ ቢያሽሽም አይመለስም።

ልጅቷን ነርቭ የሚያይ ሐኪም ያያት ከአምስት ወር በኋላ ነው። ተቀጠለላት፣ ስፖርት መሰል ሕክምናውን፣ ፊዚዮቴራፒውን፣ ሠራች። ዛሬ እጇ ከትከሻ በላይ ይወጣል፣ እንደ ድሮው ግን አይደለም። በመጀመሪያው ወር ቢታይላት ኖሮ ከዚህ የተሻለ ዕድል ነበራት። የተቆረጠ ነርቭ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ቢቻል ከስድስት ወር በፊት ከተጠገነ ውጤቱ የተሻለ ነው። ጊዜው በረዘመ ቁጥር ጡንቻው ይሟሽሻል። «ሰነፍ ናት» የምትለዋ ቃል የምትሰርቀው እነዚያን ወራት ነው። ለዚህ ነው ቃሏን የምጠላት።

ራስሽን እንዴት ታያለሽ?

የትከሻ ሕመም ሁሉ ይህ እንዳይመስልሽ። አብዛኛው የትከሻ ሕመማችን ከሥራ ብዛት የመጣ የጡንቻ መጎዳት ነው፣ ዕረፍት ሲያገኝ ይሻለዋል። ይህኛው የሚለይባቸው ምልክቶች አሉት። መስታወት ፊት ቁሚ፣ ልብስሽን ከትከሻሽ አውርጂ።

አንደኛ፣ ሁለቱን ትከሻዎችሽን አስተያዪ። አንዱ ከሌላው ዝቅ ብሏል? ከአንገት ወደ ትከሻ የሚወርደው ሥጋ በአንድ በኩል ጎድጉዷል?

ሁለተኛ፣ «እኔ ምን አውቄ» እንደሚል ሰው ሁለቱንም ትከሻ ወደ ጆሮሽ አንሺ። ጓደኛሽ ካለች ከላይ ትጫናቸው፣ አንቺ ተቋቋሚ። አንዱ ይሸነፋል?

ሦስተኛ፣ ሁለቱንም እጆችሽን በጎን በኩል እንደ ወፍ ክንፍ ዘርጊና ወደ ላይ ውሰጂያቸው። አንዱ ትከሻ ልክ ደርሶ ይቆማል?

አራተኛ፣ ያንን ስታደርጊ ጓደኛሽ ጀርባሽን ትይልሽ። ጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት በአንድ በኩል ወደ ውጭ ወይም ወደ ጎን ወጣ ብሏል?

ከአንገት ኦፕራሲዮን ወይም አንገት ላይ ከደረሰ ምት በኋላ ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ «ይሻለኛል» ብለሽ ወር አትቁጠሪ። ሐኪሙ በኤሌክትሪክ የጡንቻና የነርቭ ምርመራ ሊያዝ ይችላል፤ ይህ ምርመራ ከጉዳቱ ሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ጥሩ መልስ ይሰጣል። እስከዚያ ከባድ ነገር በዚያ እጅ አታንጠልጥዪ። ስትቀመጪ ክንድሽን ትራስ ላይ አሳርፊው። ትከሻው እንዳይደርቅ ደግሞ በሌላኛው እጅ እየደገፍሽ ቀስ ብለሽ አንቀሳቅሺው። ዓመት ቢያልፍም ተስፋ አትቁረጪ፣ ሌላ ጡንቻ በማዛወር የሚሠራ ቀዶ ሕክምና አለ።

«ታምሜአለሁ ካልኩ ይመልሱኛል»

ይህን እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም ቤት ውስጥ ነው ያለሁት፣ ፍርሃቱን አውቀዋለሁ። ዕዳ አለ፣ አገር ቤት ብር የሚጠብቅ አለ። ከአል ዐዚዚያ ሆስፒታል ለመሄድ ሹፌር ያስፈልጋል፣ ሹፌሩ የማዳም ነው። ስለዚህ «ዝም ብዬ ልሥራ» ማለት ሞኝነት አይደለም። ሒሳብ ነው።

ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻ እንሥራው። ዝም ብላ የምትሠራው ልጅ በአንድ እጇ ነው የምትሠራው። ሳህን ይወድቃል፣ ሥራ ይዘገያል፣ ስድብ ይበዛል። ውሎ አድሮ «አትረባም» ተብላ ትመለሳለች፣ ያውም ያለ ማስረጃ፣ ያለ ሕክምና፣ ሽባ በሆነ ትከሻ። በወረቀት የታወቀ ጉዳት ያላት ልጅ ግን የምትከራከርበት ነገር አላት። ዝምታው ሥራዋን አያድንላትም። የሚያሳጣት የሕክምናውን ጊዜ ነው።

ሕጉ ላይም ቆመን እንነጋገር። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣችው የቤት ሠራተኞች ደንብ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ በሕክምና ማስረጃ ይፈቅዳል። አሠሪ ለጤናሽ ወይም ለክብርሽ አደገኛ የሆነ ሥራ እንዳይሰጥሽም ይከለክላል። ደንቡ ተሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ ላይ ውሏል። ከዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ጀምሮ ደግሞ ከአራት በላይ የቤት ሠራተኛ ያስመዘገበ አሠሪ የጤና ኢንሹራንስ እንዲገባ ግዴታ ሆኗል። ቤታችሁ ሠራተኛ ጥቂት ከሆነ ውላችሁ ላይ ስለ ሕክምና የተጻፈውን እዩ። በእኛም በኩል የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጁ የላከሽን ኤጀንሲ ከአሠሪው ጋር በጋራ ተጠያቂ ያደርገዋል። «እኛ ላክንሽ እንጂ ከዚያ በኋላ አያገባንም» የሚል ኤጀንሲ ካለ ሕጉ ያገባዋል።

ሕግ ወረቀት ላይ ነው፣ ቤት ውስጥ ሌላ ነው ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። የሕመም ፈቃዱ ግን የቆመው «በሕክምና ማስረጃ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ስለዚህ ማስረጃውን መያዝ የእኛ ትልቁ መሣሪያ ነው። ወረቀት የሌላት ልጅ ማልቀስ ብቻ ነው ያላት።

ከመፈረምሽ በፊት

ክሊኒክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፦ ማዳም ከሐኪሙ ጋር በዐረብኛ ታወራለች፣ አንቺ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ፣ ወረቀት ይመጣል፣ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ይባላል። አንገቱ ያንቺ ሆኖ ወሬው የሌላ ሰው ነው። እኔ ይህ መቅረት አለበት እላለሁ። የምትጠይቂው ብዙ አይደለም፣ ሦስት ጥያቄ ነው።

በመርፌ መጀመር አይቻልም ወይ? የሚቆርጡት የቱ ጋ ነው፣ በዚያ የሚያልፍ ነርቭ አለ ወይ? ከኦፕራሲዮኑ በኋላ እጄ አልነሣ ቢል ለማን ነው የምመጣው?

ሦስተኛዋ ትልቋ ናት። ሐኪም ስለ ነርቩ እንዳወቅሽ ሲያይ ይጠነቀቃል፤ ከኦፕራሲዮኑ ቀን በፊት ሁለቱም እጆችሽ እንደሚነሡም ያያል፣ ይጽፋል። አንቺም በስልክሽ ሁለቱን እጆችሽን አንሥተሽ አጭር ቪዲዮ ቅረጪ። ኋላ «ድሮም እንዲህ ነበረች» የሚል ሰው ቢመጣ መልስ አለሽ።

ዐረብኛው ለሚከብዳችሁ እነዚህን ያዙ፦

«አብጋ ሙተርጂም» — አስተርጓሚ እፈልጋለሁ።
«ማ አግደር አርፈዕ የዲ» — እጄን ማንሣት አልችልም።
«ባዕድ አል ዐመሊያ» — ከኦፕራሲዮኑ በኋላ።
«ዐሰብ» — ነርቭ።
«አብጋ ተቅሪር ጢቢ» — የሕክምና ማስረጃ እፈልጋለሁ።

ማስረጃው ሲሰጥሽ ፎቶ አንሺውና አገር ቤት ላለ ለምታምኚው ሰው ላኪው። ስልክ ሊጠፋ፣ ወረቀት ሊቀማ ይችላል። ለጤና ጥያቄ የሳዑዲ ጤና ሚኒስቴር መስመር 937 ነው። ለሥራ ክርክር 19911። አንገትሽን ተመተሽ ወይም ታንቀሽ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፣ ምሥራቃዊ ክልል ውስጥ 911 ደውይ። ሐኪሙ ሲጠይቅሽም «ወደቅኩ» አትበዪ፣ የሆነውን ተናገሪ፣ እንዲጻፍልሽ አድርጊ።

ለሚያሠለጥኑን

የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ሳይሆን እኛን ለሚያሠለጥኑና ለሚልኩን ነው። እኔ ከመምጣቴ በፊት በወሰድኩት ሥልጠና ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ስለ ኦቨን፣ ስለ ሰጃድ አጠራረግ ተነግሮኛል። ጥሩ ነው፣ ጠቅሞኛል። ሐኪም ፊት ስቀመጥ ምን እንደምጠይቅ፣ የማላነበው ወረቀት ሲሰጠኝ ምን እንደማደርግ ግን ማንም አላስተማረኝም። ነርስ ስለሆንኩ አወቅኩ፣ ሌላዋ ከየት ታምጣው? አንድ ከሰዓት ይበቃል። አንገት ላይ ያለ እብጠት ምን ሊሆን እንደሚችል፣ ከኦፕራሲዮን በፊት ምን እንደሚጠየቅ፣ ማስረጃ እንዴት እንደሚያዝ። ሰውነታችንን ሊሠሩበት ነው የምንልከው ካላችሁ ስለ ሰውነታችንም አስተምሩን።

እናንተ ደግሞ እህቶቼ፣ ይህን ያነበባችሁ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ቡድናችሁ ውስጥ፣ ሰፈራችሁ ውስጥ፣ አንገቷን ታክማ «ትከሻዬ ከበደኝ» የምትል ልጅ ካለች መስታወት ፊት አቁሟትና እጆቿን አስነሡአት። አንዱ ካልወጣ ወሩን አብራችሁ ቁጠሩ፣ ስንት ጊዜ እንደቀራት ንገሯት፣ ሐኪም ጋ እስክትደርስም አትተዉአት።